በስምህ የጻፍኩት መልስ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ሲጽፍልህ ዋናውን ጉዳይ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ እንዲያስቀምጥ ትወድ ስለነበር ላስቀምጠው። በስምህ አንድ መልእክት ጽፌያለሁ። አንተ ያላልከውን ቃል እንዳልከው አድርጌ ለእማዬ ልኬላታለሁ፤ እሷም እውነት መስሏት ይዛው ቆይታ አሁን መቃብርህ ላይ ልታስቀርጸው ነው። ድንጋይ ጠራቢው ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀምራል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልናገር ወይስ አፌን ልዝጋ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሳምንት ሆነኝ።

የቤቱን ወሬ ግን ሳልነግርህ ወደዚያ አልገባም። የዶሃዋ ሰፈራችን ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ያው ናት። ከሕንፃችን ሥር ያለው ዳቦ ቤት አሁንም ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው፤ ሰልፈኛው ግን አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መሬት ላይ በተለጠፈ ምልክት ተራርቆ ነው የሚቆመው። አንተ በሄድክ በሁለተኛው ወር ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ። እዚህም ስልካችን ላይ ያለው የጤና መተግበሪያ አረንጓዴ ካላሳየ ሱቅ እንኳ አያስገቡንም። እኔ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ መስታወት ስለተተከለ፣ በሽተኛው ስሙን ሲነግረኝ አልሰማ እያልኩ ቀኑን ሙሉ "እንዴት?" ስል እውላለሁ። ሮማን፣ ያቺ አርብ አርብ ከምትሠራበት ቪላ መጥታ ከእኛ ጋር ምሳ ትበላ የነበረችው ጓደኛዬ፣ ማዳሟ በሽታውን ፈርታ ብዙ ወር ከግቢ አላስወጣቻትም፤ አርቧን መልሳ ያገኘችው በቅርቡ ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበርህን አልነካሁትም ብልህ ውሸት ነው። ልብስ እደረድርበታለሁ፣ ሲደክመኝም እቀመጥበታለሁ።

መሀል ከተማው ውስጥ፣ ሙሸይሪብ ያሉት ዛፎችህ አድገዋል። ዛፎችህ የምላቸው፣ እዚህ በቆየህባቸው ሰባት ሳምንታት በየጠዋቱ በእግርህ እየሄድክ ሥሮቻቸውን ትመረምር ስለነበር ነው። አንድ ቀን ከሥራ በፊት አብሬህ ሄጄ፣ በዚያ ሁሉ መስታወትና እብነ በረድ መካከል ተንበርክከህ አፈር ቆንጥረህ ስታሸት ጥበቃው ሮጦ መጣ። የጠፋብህ ነገር ያለ መስሎት አብሮህ መፈለግ ጀመረ። እኔ የማላውቅህ መስዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንተ ግን አፈሩን መዳፉ ላይ አድርገህለት፣ ይህ አፈር የዚህ ቦታ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ በመኪና የመጣ እንግዳ ነው ብለህ በእንግሊዝኛ አስረዳኸው። እሱም እኔም እንግዳ ነኝ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሰላም ትባባሉ ነበር። አንተ ካረፍክ በኋላ አንድ ቀን አግኝቶኝ ሽማግሌው የት ሄዱ ቢለኝ አገራቸው ገቡ አልኩት። ያኔ መዋሸት ለምዶብኝ ነበር።

ሐዋሳ ያለው ቤታችን ደግሞ፣ እማዬ በስልክ እንደምትነግረኝ ከሆነ፣ ሰው አልተለየውም። መጻሕፍትህን ያስተማርክበት የትምህርት ክፍል መጥቶ ወሰደ። ጭቃ የጠጣው ቦት ጫማህ በረንዳው ላይ ነው፤ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደችም። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ተማሪዎች አሁንም መመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ፤ አንዳንዱ መሞትህን ሳይሰማ፣ አንዳንዱ እያወቀ። እማዬም አስገብታ ሻይ ታፈላላቸዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ ስትቀናባቸው ኖራ አሁን ቶሎ ከተነሱባት ይከፋታል።

ጠቡም የተነሳው በእነሱ ነበር። ጡረታ ከወጣህ በኋላ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ትሄድ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ስለ አፈር የተጻፈ የማንንም ልጅ ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለህ። እማዬ አርባ ዓመት ለእነሱ ሰጥቼሃለሁ፣ አሁን የኔ ተራ ነው ትልህ ነበር። አንተ ደግሞ ተራዋን ሳትሰጣት ገናንና ጥምቀትን ዶሃ፣ ማርታ ዘንድ አሳልፋለሁ አልክ። እሷ አውሮፕላን እንደምትፈራ እያወቅህ። የሄድክ ቀን፣ ሻንጣህ መኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ በር ላይ ቆማ "እንደወጣህ ቅር" አለችህ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ቃሉ እንደወጣ ራሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች አሉ። አንተ መኪናው ውስጥ ገባህ። ዞረህ አላየሃትም።

አንተም ብትሆን ንጹሕ አይደለህም፣ አባዬ። ኩርፊያህን እናውቀዋለን። ስትቆጣ አትጮህም፣ ትህትና ታበዛለህ። ሰላም ስትሆኑ "አስቱ"፣ ስትኮራረፉ "ወይዘሮ አስቴር" ነበረች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሥራ ጨርሼ ስገባ "ወይዘሮ አስቴር፣ እንዴት ዋሉ" ስትላት በስልክ እሰማህ ነበር። ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ አቮካዶው፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራላችሁ፤ በር ላይ ስለወጣው ቃል ግን አንዳችሁም አታነሱም። እኔም አንድ ቀን እንኳ በቃ፣ ይቅር በላት አላልኩህም። የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ ሳህኔን አጥብ ነበር። ከማረፍህ በፊት ባለው ረቡዕ፣ እራት ላይ፣ የመመለሻ ቲኬትህን አሥር ቀን ቀደም አድርጌ እንዳስለውጥልህ ጠየቅኸኝ። ምነው ስልህ አንድ ተማሪዬ ጽሑፉን በመምህራን ፊት ያቀርባል፣ መገኘት አለብኝ አልክ። ከእኔ ተማሪ ይበልጥብሃል ብዬ አሾፍኩብህ። ነገ በምሳ ሰዓቴ አስለውጠዋለሁ አልኩህ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ክሊኒክ ሆኜ የሕንፃችን ዘበኛ ደወለልኝ። በተሰባበረ ዓረብኛ ባባሽ ወድቋል፣ ያላ፣ ቶሎ ነይ አለኝ። ዳቦውን ገዝተህ ደረጃ ስትወጣ ነው። እኔ ስደርስ አምቡላንሱ ወስዶሃል፤ ዳቦው ከነፌስታሉ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቀርቷል። ሆስፒታል ስገባ ሐኪሙ ሌላ ነገር ሳይናገር ተቀመጪ አለኝ፣ ያኔ ገባኝ። ልብ ነው አሉኝ። አንድም ቀን ልቤን ብለህ የማታውቀው ሰው። ዳንኤል፣ የድሮ ተማሪህ፣ እዚህ መናፈሻ ላይ የሚሠራውና አንተን በመኪናው እየዞረ አትክልት ያሳይህ የነበረው፣ ከነጭቃ ጫማው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እናትሽ ብቻቸውን ናቸው ወይ ብሎ ነው።

ብቻዋን ነበረች። ለወንድሟ ለጋሼ ተስፋዬ ደወልኩለት። ትእዛዝ ሰጠኝ። በስልክ እንዳልነግራት፤ አስከሬንህ የሚገባበት ቀን ሲታወቅ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ገብተው እንደሚነግሯት፤ እስከዚያ ድምፄ እንዳይለወጥ። የመርዶን ሥርዓት አንተም ታውቀዋለህ፣ ስንቱን ቤት በማለዳ አንኳኩተሃል። የደም ግፊት ያለባት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ የባሏን ሞት ከስልክ መስማት የለባትም። አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። ችግሩ ዶሃ አርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሐሙስ ያረፈ ሰው ወረቀቱ የሚጀመረው እሁድ ነው፤ የሆስፒታሉ፣ የፖሊሱ፣ የኤምባሲው፣ የአውሮፕላኑ። ዳንኤል ቢሯሯጥም ከማክሰኞ በፊት እንደማንነሳ ታወቀ። ስለዚህ አምስት ቀን መዋሸት ነበረብኝ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ በሰዓትህ ሳትደውል ስትቀር እማዬ ደወለች። ስልክህ እጄ ላይ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ እስኪቆም ጠበቅኩና በራሴ ስልክ ደወልኩላት። ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ተቆጣችኝ። በዚያ ማቀዝቀዣ አስመትተሽው ነው፣ ዝንጅብል አፍይለት፣ አንገቱን ሸፍኚለት አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ያህል ዝንጅብል እንደማደርግ ሳይቀር ጠየቅኳት።

ሌላው ጭንቅ ተማሪዎችህ ነበሩ። ዳንኤል ለአንድ ጓደኛው ነገረ፣ ጓደኛው ለጓደኛው፣ አርብ ረፋዱ ላይ ፎቶህ ከነጥቁር ሪባኑ በድሮ ተማሪዎችህ ግሩፕ ላይ ወጣ። እዚያ ግሩፕ ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ አለ። እናቱ በቀን ሦስት ጊዜ እማዬ ዘንድ የምትገባ ሴት ናት። ዳንኤል አንድ በአንድ እየደወለ ሲለምን እኔ መሐል ቤት ቆሜ ጥፍሬን እበላ ነበር። አንዱ ሐዘን መግለጽም ተከለከለ ወይ ብሎ ተቆጣው። ዳንኤል "እትዬ አልሰሙም" ብቻ አለው። ፎቶው ወዲያው ወረደ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሰው፣ አንተ በቀይ እስክሪብቶ ያሳደግከው ሐኪም፣ መምህር፣ ኃላፊ ሁሉ፣ አምስት ቀን አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። አንዲት ቃል አልወጣም። ለእማዬ ሲሉ ያን ያህል መታገሳቸውን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የዚያኑ አርብ ከሰዓት በኋላ ሮማን አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ስልክህ ላይ መልእክት ገባ። ከእማዬ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል ስላልኳት፣ መመለስ አይችልም ብላ፣ ሰባት ሳምንት ያልወጣትን ጻፈችው።

"አንተ፣ መናገር አትችልም አሉኝ። እንግዲያው ስማኝ። ያን ቀን በር ላይ ያልኩህ ከልቤ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይቅር በለኝ።"

አንተ ያን ጊዜ ካረፍክ ሁለተኛ ቀንህ ነበር። ስልኩን ለሮማን ሰጠኋት፤ አንብባ ራሷን ያዘች። መልሱን የሚጠብቅ ሰው በዚያ በኩል ተቀምጧል። አንድ ሰዓት አለፈ። እማዬ ወደ እኔ ደወለች፣ አላነሳሁም። ደግማ ደወለች። ሮማን በመጨረሻ "ኸላስ፣ በቃ መልሺላት። ዝም ካልሻት ወይ ትጠረጥራለች ወይ ትታመማለች" አለችኝ። እኔም የድሮ መልእክቶችህን ከፍቼ አጻጻፍህን አየሁ። አጭር አድርገህ ነው የምትጽፈው፣ አራት ነጥብም አትረሳም። "አስቱ" ልበላት ወይስ "ወይዘሮ አስቴር"? እሱን መወሰን አቃተኝና ስሟን ተውኩት። እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

"በልቤ ምንም የለም። ይቅር ብዬሻለሁ። እመጣለሁ።"

ወዲያው መለሰች። ተመስገን፣ ዝንጅብሉን ጠጣ አለችህ።

ማክሰኞ በአንድ አውሮፕላን ሄድን፣ እኔ ከላይ አንተ ከታች። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ተስፋዬና የእድር ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ እኔ አስከሬንህን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ መንገድ ላይ ነበርኩ። እማዬ መርዶውን ስትሰማ ስልኳን ጨብጣ ይቅር ብሎኛል፣ ይቅር ብሎኛል እያለች ነበር አሉ ያለቀሰችው። እኔ ስገባም ከእቅፏ ሳልወጣ ያሳየችኝ ያንን ነው። የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ማን አፉን ይከፍታል? ሠልስቱ አለፈ፣ አርባህ ሳይደርስ ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ፣ አገር ተዘጋ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነ።

ያ መልእክት ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሲሠራ ነው የከረመው። እርግማኑን በር ላይ የሰሙት ጎረቤቶች እንዳለችው ቀረ እያሉ ማንሾካሾካቸውን እማዬ ታውቃለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ለመጣው ሁሉ ስልኳን እያወጣች የምታሳየው ለዚያ ነው። ንስሐ አባቷም አይተውት፣ ጥሩ ሞት ሞቷል ብለዋታል። እንቅልፏ የተመለሰው፣ እህል የበላችው በእሱ ነው። እኔ በየሳምንቱ ስደውል ታነብልኛለች። እኔም በየሳምንቱ አዎ እማዬ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ነው የሐውልቱን ነገር የነገረችኝ። ለሙት ዓመትህ ይደርሳል። እኔ መምጣት አልችልም፤ ብወጣ ተመልሼ ለመግባት ፈቃድ መጠበቅ፣ ለለይቶ ማቆያ ሆቴል ውስጥ መዘጋት አለ፣ ክሊኒኩም አይጠብቀኝም። ስለዚህ በስልክ አስረዳችኝ። ላይኛው ላይ መስቀል፣ ቀጥሎ ፕሮፌሰር ብሎ ስምህ፣ ከሥሩ "በልቤ ምንም የለም" ይባላል። የመጨረሻ ቃልህ ስለሆነ። ከዚያ በኩራት "አራት ነጥቧንም እንዲያስገባት ነግሬዋለሁ። አባትሽ አራት ነጥብ አይረሳም ነበር" አለችኝ። ያቺን ነጥብ እኔ ነበርኩ ያስገባኋት፣ አባዬ። እንድታምነኝ ብዬ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክሊኒኩ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ሮማንን አማከርኳት። እናትሽን ልትገድያት ነው ወይ አለችኝ፤ ይህን ለእግዜር ትተሽለት ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም። ዳንኤልን አማከርኩት። እሱ ደግሞ የራሱን ታሪክ አነሳ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሁለት አንቀጽ ገልብጦ ቢያመጣልህ ገጹን አጥፈህ መልሰህለት፣ በጣም የምትወደው ተማሪህ ሆኖ ሳለ ግማሽ ዓመት አዘገየኸው። ባልተናገሩት ነገር ስማቸው ሲጻፍ እሳቸው አይወዱም አለኝ፤ ደግሞ፣ ለእትዬ የሚነግራቸው ሰው ግን እኔ ብሆን አልችልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለእኔ አልጠቀሙኝም።

እና ተናደድኩ። በአንተ። አንድ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን፣ "አስቱ" ብለህ ብትጠራት እኔ እዚህ መከራ ውስጥ አልገባም ነበር። ለማንም ልጅ ጽሑፍ ስትጨነቅ የራስህን ቤት ያልተዘጋ ነገር ትተህ ሄድክ። ይቅር ብለሃት ነበር? ቲኬቱን ያስቀደምከው ለተማሪው ነው ወይስ ለእሷ? ብጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅሁህም። አሁን በማላውቀው ነገር ላይ ምስክር ሆኜ ቆሜያለሁ። ድንጋይ ደግሞ እንደ ስልክ አይሰረዝም። ልጆች ብወልድ ወስጄ የአያታችሁ ቃል ይህ ነው ልላቸው ነው? ከዚህ በላይ አልችልም። ነገ እነግራታለሁ። ለጋሼ ተስፋዬ አሁን ደውዬ፣ ለእማዬ የሚከብድ ነገር ስለምነግራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጠገቧ እንዲሆን እለምነዋለሁ። ምን እንደሆነ አልነግረውም፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት።

ዛሬ እሁድ ነው። የጀመርኩትን ልጨርስልህ።

ጋሼ ተስፋዬን ታውቀዋለህ። የሚከብድ ነገር ስለው እሱ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ያልኩትን ትቶ አርብ ገና ሳይነጋጋ፣ ሁለት የእድር ሴቶች አስከትሎ በሩን አንኳኳ። እማዬ ከፍታ በዚያ ሰዓት እነዚያን ፊቶች ስታይ ምን ሊመስላት ነው? ማርታን፣ ልጄን ብላ ጮኸች። ጋሼ ተስፋዬ ሞተች አላለም፣ አልሞተችም ለማለትም የሚያውቀው ነገር የለውም፤ ዶሃ ምን ጉድ እንዳለ ለእሱም አልተነገረው። እሱም ደንግጦ ደወለልኝ። ስልኩን ሳነሳ ከኋላ ጩኸቷን ሰማሁ። እማዬ፣ አለሁ፣ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ስልኩን ነጥቃ ድምፄን እስክታምን፣ የማንም ሌላ ልጅ ድምፅ አለመሆኑን እስክታረጋግጥ ስሜን አስጠራችኝ፣ የተወለድኩበትን ቀን ጠየቀችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት።

ልተወው አልኩ። በእውነት ልተወው አልኩ፤ አንዴ ገድያት አንዴ አድኛት ሦስተኛ ልጨምርባት ነው ብዬ። እሷ ግን "አንቺ ካለሽልኝ ሌላው ምንም ነው። ተናገሪ" አለችኝ።

ተናገርኩ። ድምፁ ተዘግቷል ያልኳት ቀን አንተ አስከሬን ክፍል እንደነበርክ፣ መልእክቷ የመጣው ካረፍክ በኋላ እንደሆነ፣ አለማንበብህን፣ መልሱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን። አራት ነጥቧንም። ቀጥሎ ስለ ቲኬቱ ነገርኳት፤ አሥር ቀን ልታስቀድም መፈለግህን፣ ምክንያቱንም አንተ እንዳልከው፣ ተማሪ ብለህ። ለአንቺ ብሎ ነው የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እንደምንም ዋጥኩት። አሁን አንተ ያልከው ብቻ ይቅረብ ብዬ።

ጋሼ ተስፋዬ ከኋላ ምን አለች፣ ምን አለች ሲል ይሰማኛል። አንዷ ሴት ውሃ ስጧት ትላለች። መልሷን ስጠብቅ እርግማኑ ተመልሶ ቤቷ ሲገባ፣ እንቅልፏ ሲሄድ፣ ጎረቤት ሲያንሾካሹክ ታየኝ፤ ምነው ሮማንን በሰማሁ አልኩ። ቀስ ብላ፣ ያላለቀሰ ድምፅ አውጥታ፣ ታዲያ ይቅር ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለችኝ።

አዎ እማዬ አልኳት።

"ያንቺን ተቀብያለሁ። የሱን እሱ ጋ ስሄድ ራሴ እጠይቀዋለሁ።"

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ለጋሼ ተስፋዬ ጠራቢው ስሙን ብቻ ይጻፍ ስትለው ሰማሁ። ምክንያቱን ቢጠይቃት አልነገረችውም። ዛሬ ደውዬላት ነበር፤ አልተኛሁም አለች፣ ግን በልቻለሁ አለች። ተማሪ መጥቶባት ስለነበር ቶሎ ዘጋችው።

ነገ ድንጋዩ ላይ ስምህ ብቻ ይቀረጻል። እኔም እዚህ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አስብሃለሁ፤ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ያልከውን አለ፣ ያላልከውን አላለም እያልኩ፣ እድሜ እስካለኝ። ለእማዬ ረጅም ዕድሜ እለምንላታለሁ፤ አትቸኩልብህ። አንድ ቀን ግን መጥታ ትጠይቅሃለች። አደራ፣ አባዬ፣ ዝም እንዳትላት።

ልጅህ ማርታ